በየካ መንገድ የገባሁት ዋስትና

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ጥቂት መስመር እጽፍና ብርዑን አስቀምጬ ቀኝ ትከሻዬ እስኪያርፍ እጠብቃለሁ። ብራናው ባሌ የፋቀው ነው፤ ለመጽሐፍ አይሆኑም ያላቸውን ቁርጥራጮች በቅርጫት ያጠራቅም ነበር። አንዳንዱ መሀሉ ላይ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን እየዘለልኩ እጽፋለሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው እንጦጦ ላይ ነበር። ከተማው ገና ወደ ፍልውሃው ሜዳ አልወረደም። አባቴ ዳዊት የሚያስደግም መምህር ስለነበር ከወንድሞቼ ኋላ ተቀምጬ ማንበብ ለመድኩ። መጻፍ ያስተማረኝ ግን ባሌ ተክሌ ነው። ተክሌ ብራና ይፍቃል፣ መጽሐፍ ይገለብጣል። ነጭ ጥምጥሙን ሳይጠመጥም ከደጅ አይወጣም ነበር። ትርንጎ የምትባል ጡት ያልጣለች ልጅ ነበረችን።

እንጦጦ የኖረ ሰው ነፋሱን፣ ጭቃውንና ጭሱን ያውቃል። ስለዚህ ሥራ ቀለል ባለ ቀን እኔና ተክሌ ከከተማው ወጥተን ወደ ገጠሩ እንወርድ ነበር። ያለ ጉዳይ መንገድ መውጣታችን ለሰው ሁሉ መሳቂያ ነበር። "ዛሬ ደግሞ ምን ልትገዙ ነው?" ይሉናል። ተክሌም "ነፋስ፤ የከተማው ከርፍቷል" ይላል።

አወራረዳችን እንዲህ ነበር። ማለዳ ሲራራ ነጋዴዎች ባዶ በቅሎዎቻቸውን እየነዱ እህል ሊጭኑ ወደ ኮተቤ ይወርዳሉ፤ ፀሐይ ስትዘነበል ጭነው ይመለሳሉ። አያ በላቸው የሚባለው የሲራራው መሪ እኔን ባዶ በቅሎ ላይ ያወጣኛል፤ ተክሌ ከጎኔ በእግሩ ይሄዳል። ቀበናን ከተሻገርን በኋላ የካ ግርጌ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ያወርዱናል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የእኛ ነው። በወይራውና በጥዱ መሀል ሽቅብ እንወጣለን፤ ከዋሻው ሚካኤል በር ተሳልመን፣ ስንቃችንን በልተን፣ ሲራራው ሳያልፍ ወደ ሾላው እንመለሳለን። ያለ ሲራራው መመለስ አይታሰብም ነበር። ወንዙን በብዙ በቅሎ መሀል ሆኖ መሻገር ሌላ ነው፤ ጅቡም ብዙ ሰው ሲያይ ይሸሻል።

ከዚያ የከብቱ እልቂት መጣ። ይህን ያየ ሰው እንድነግረው አይፈልግም፤ ያላየ ደግሞ ብነግረው አያምነኝም። በሬው ላሙ ዓይኑ እንባ፣ አፍንጫው ንፍጥ እያወረደ በቆመበት ይወድቃል። በየሜዳው የሚቀብረው ጠፋ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው መውደቅ ጀመረ። ጅቦቹ ወፈሩ። ሰው መፍራትም ተዉ።

እኛም መንገድ መውጣት ትተን ነበር። በሰኔ ግን ተክሌ ሳል ያዘው። የብራናው ብናኝና የቤቱ ጭስ ደረቱን ዘጋው። አንድ ማለዳ ሰማዩ ጠርቶ ሲያይ፣

"አስካለ፣ ዛሬ እንውረድ። ደረቴ የወይራ ጥላ አማረው" አለኝ።

"በዚህ ዘመን ለሽርሽር? ሰው ምን ይለናል?"

"ሰው ስንኖርም ስንሞትም የሚለው አያጣም። አንድ ቀን ብቻ።"

ትርንጎን ለጎረቤታችን ለእማሆይ ጥሩ ሰጠኋት። እማሆይ ልጅቷን ተቀብለው፣

"ሳይመሽ ተመለሱ። እኔ የማጠባው የለኝም፤ የአጃ ውሃ ብቻ ነው ያለኝ" አሉኝ።

አያ በላቸው እንደ ድሮው በቅሎ ላይ አወጣኝ። በቅሎዎቹ ጎድናቸው ይቆጠር ነበር። ሾላው ሥር ሲያወርደን ጅራፉን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣

"ደብተራ፣ ዛሬ ከሰዓት ይዘንባል። እዚህ ስደርስ ካጣኋችሁ አልጠብቅም" አለው።

"መቼ ዘግይተንብህ እናውቃለን?"

"አታውቁም። ጅቡ ግን ቢዘገዩልኝ እያለ ይጸልያል" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ስለዚያ ረፋድ ብዙ አልጽፍም። የእኔ ነውና ለራሴ ላስቀረው። ተክሌ ወይራ ሥር ጋደም ብሎ ሳይስል ረጅም ጊዜ ተኛ። ማሳው ሁሉ ጦሙን አድሮ፣ አረም ለብሶ፣ ከታች ተዘርግቶ ነበር። የሚያርስ ሰው ድምፅ አይሰማም። በሌላ ዓመት በዚያ ወር የካ ላይ ከገበሬው ጩኸትና ከጅራፉ ጩኸት የተነሣ መነጋገር ያስቸግር ነበር።

ጡቴ መሙላት ሲጀምር ተክሌን ቀሰቀስኩት። ልጄ የምትጠባበት ሰዓት አልፎ ነበር። መውረድ ጀመርን። ሾላው ቁልቁል ይታየናል፤ ሲራራው ገና አልደረሰም። ጊዜ ነበረን።

መንገዱ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ነው ያ ድምፅ የመጣው።

"በንጉሥ አምላክ! ቁሙ!"

ተክሌ አንሥቶት የነበረውን እግሩን እዚያው አወረደው።

ያን ዘመን ላላዩ ላስረዳ። በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው መቆም ነበረበት። ሁለት ሰዎች ተጣልተው "ዳኘን" ካሉት መንገደኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይዳኛል። ችሎት ሩቅ ነውና መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ዳኛ ነበር። አልሰማሁም ብሎ ያለፈ ሰው ንጉሡን እንደናቀ ይቆጠራል።

ከቁጥቋጦው ሁለት ሰዎችና አንድ በሬ ወጡ። ሴትየዋ በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ ናት፤ በሬውን በገመድ ትስባለች። ሰውየው አጭር ነው፤ የኩታውን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጥሮታል። ተከሳሽ እንዳያመልጥ እንዲህ ይቆራኙ ነበር።

"ጌታዬ፣ ጥምጥምዎን አይቼ ነው፤ ዳኙን" አለ ሰውየው።

"ጥምጥሙን አየህ፤ ውስጡ ያለውን በምን አወቅህ?" አለች ሴትየዋ። "ይሁን፣ እኔም እቀበላለሁ። ከዚህ ሰው ጋር ታስሬ ከምውል ጅብም ቢዳኘኝ ይሻለኛል።"

የተክሌን እጅጌ ጎተትኩ።

"ሲራራው ያመልጠናል።"

"አውቃለሁ።"

"ልጅቷስ?"

"አስካለ፣ በንጉሥ አምላክ ተብያለሁ" አለኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሰውየው ጉተማ፣ ሴትየዋ ጫልቱ ይባላሉ፤ ጎረቤታሞች ናቸው። ጫልቱ ባሏ የሞተባት፣ ጉተማ ሚስትና ልጆች ያሉት ነው። በእልቂቱ ለጫልቱ አንድ በሬ ብቻ ተረፈላት፤ ይህ ግራጫው ዳለቻ። ለጉተማም አንድ ጥቁር በሬ ብቻ ተረፈው፤ ጉራቻ። በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ በመቀናጆ ተስማሙ፤ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ጠምደው መጀመሪያ የጫልቱን ማሳ፣ ቀጥሎ የጉተማን ሊያርሱ። የጫልቱ ማሳ ታርሶ እንዳለቀ ጉራቻ ታሞ ሞተ። አሁን ጫልቱ ዳለቻን ለአራጆች ሰጥታ በእህል ልትለውጠው ወደ እንጦጦ ስትነዳው ጉተማ ከመንገድ ላይ ያዛት።

ጉተማ በበትሩ ተደግፎ ቆመና ጀመረ።

"ጌታዬ፣ የእኔ በሬ የእሷን መሬት አርሶ ነው የሞተው። የእሷ በሬ የእኔን ያርሳል። ይህ ካልሆነ ፈረስ እሰጥ!"

"ፈረስ?" አለች ጫልቱ። "ይሄ ሰው ትናንት ቤቴ መጥቶ ጨው ለምኖኛል! እሱ ፈረስ ከሰጠ እኔ ከነኮርቻዋ በቅሎ እሰጥ! ማር በእንስራ እሰጥ!"

"ቀፎሽ ባዶ ነው!"

"ያንተ ጋጣስ ሞልቷል?"

የሌላቸውን ፈረስ፣ የሌላቸውን ማር እየተወራረዱ ቀጠሉ። ሙግት ያለ ውርርድ አያምርምና እየራባቸውም ወጉን አልተዉትም። ተክሌ ሳቁን ሲውጥ አየሁት። እኔ ግን ዓይኔ ሾላው ላይ ነበር። የእንጦጦ አናት መጥቆር ጀምሯል።

"አንቺ ምን ትመልሻለሽ?" አለ ተክሌ።

ጫልቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ጌታዬ፣ ልስጠው ብልስ አንድ በሬ ምን ያርስለታል? ነገ ደግሞ ይሄም እንደ ጉራቻ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ሥጋውንም አላገኘው። ዛሬ በቁሙ እያለ እህል ያመጣልኛል። የዘራሁት እስኪደርስ በምን ልቆይ? እኔም መብላት አለብኝ።"

"የኔ ልጆችስ?" አለ ጉተማ። እሰጥ አላለም፤ በትሩንም አላነሣም። "ዝናቡ መጥቷል፤ ዘሩ ቤቴ አለ። ልጆቼ እንዳይበሉት እናታቸው ሥሯ አስቀምጣ ትተኛበታለች። ካልዘራሁት እንበላዋለን፤ ከበላነው አለቀ።"

በሬው ሣር ይነጭ ነበር።

"ዋስ ጥሩ" አለ ተክሌ። ዋስ ያልጠራ ሰው ላይ ፍርድ አይሰጥም፤ የተፈረደበትን ቢያጎድል የሚሞላለት ሰው መኖር አለበት። ጫልቱ ኮተቤ ያለ ወንድሟን ጠራች። ጉተማ ግን ወዲህ ወዲያ አየ።

"ዋሴ ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ ሞተ። ጎረቤቴም ነበር፤ እሱ ወደ ቆላ ተሰደደ።"

"ሌላ?"

"ሌላ ማን ቀረ ጌታዬ? አገሩን ያዩታል።"

በዚህ ጊዜ ሲራራው ሾላው ሥር ደረሰ። በቅሎዎቹ ቆሙ። አያ በላቸው ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ሲያፏጭ ሰማሁት። የቀሚሴ ደረት በወተት ርሷል።

"እኔ ዋስ ነኝ!" አልኩ።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ እዋሰዋለሁ፤ በቃ! ፍረድና እንሂድ!"

ጫልቱ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳቀች። "የከተማ ሴት! ትከሻዋን እዩልኝ፤ እንስራ የተሸከመ አይመስልም።"

"ይህን የምትዪው አስበሽ ነው?" አለኝ ተክሌ።

"አስቤ ነው" አልኩት። አላሰብኩም ነበር። የማስበው መንገዱን ብቻ ነው።

ተክሌ ተነሥቶ ቆመና ፈረደ።

"በሬው የጫልቱ ነው። ነገር ግን የጉተማ ዘር መሬት እስኪገባ ድረስ ዳለቻ ከሁለቱ ማሳ አይወጣም። ጉተማም እስከዚያ ከዘሩ ከፍሎ ጫልቱን ይመግባል። በጉራቻ ፈንታ ጉተማ ከቀንበሩ ሥር ትከሻውን ያግባ፤ ሚስቱ እርፉን ትያዝ። ጉተማ ቢያቅተው ዋሱ ታግባ።"

"ወታደር መጥቶ ለጭነት ልውሰደው ቢለኝስ?" አለች ጫልቱ።

"ፍርድ አለበት በይው። ለወታደርም፣ ለነጋዴም፣ ለእኔ ለራሴም ቢሆን ከማሳው አይወጣም። በንጉሥ አምላክ።"

ጉተማ ወድቆ መሬት ሳመ። ኩታና ነጠላቸውን ፈቱ። እኛ እየሮጥን ወረድን። ሾላው ሥር ስንደርስ ትኩስ የበቅሎ ፋንድያ ብቻ አገኘን።

"ወንዙ ጋ እንደርስባቸዋለን" አለኝ ተክሌ። መሮጡ ሳሉን ቀስቅሶበት ነበር። ሦስት ጊዜ ቆመን አረፍን። በመጨረሻው ጊዜ ከእንጦጦ በኩል ነጎድጓዱ ያለ ማቋረጥ ይጮህ ጀመር። እኛ ያለንበት ካፊያ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ግን ዝናቡ እንደ ጥቁር መጋረጃ ወርዷል።

ቀበና ስንደርስ ሲራራው ተሻግሮ በማዶው ዳገት መጨረሻ ላይ ነበር። ተጣራን። የውሃው ድምፅ ዋጠን። ውሃው ደፍርሷል እንጂ ገና አልሞላም፤ ማለዳ ከጉልበት በታች የነበረው አሁን ወገብ የሚደርስ ይመስላል።

እዚያ ቆመን ስንማከር ከኋላችን የሰው ጥሪ ሰማን። ጫልቱና ጉተማ ናቸው። በሬውን በመሀላቸው እየነዱ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡ።

"የወንዙን ድምፅ ሰምተን ነው" አለ ጉተማ እያለከለከ። "ዳለቻ ይህን ውሃ ከጥጃነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ጅራቱን ያዙ፣ ያሻግራችኋል።"

ተክሌ በሬውን አየ።

"ከማሳው ማን አወጣው?"

"ምን ማለትዎ ነው? ዳኛችንን ለውሃ እንስጥ?" አለች ጫልቱ። "ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ፈቅጃለሁ!"

"እኔም ፈቅጃለሁ" አለ ጉተማ።

"ውሃው ቢወስደውስ?"

ጫልቱ ገመዱን አሳጠረች።

"የጉተማ ልጆች በምን ይዘሩ?" አለ ተክሌ። "ደግሞስ ፍርዴን በሰጠሁበት ቀን ለራሴ ካፈረስኩት ነገ ወታደሩ ሲመጣ ምን ብላችሁ ትከለክሉታላችሁ? መልሱት።"

"እንግዲያው ቤቴ እደሩ" አለች ጫልቱ። "ፍልጥ አለኝ፣ እሳት አለኝ፤ ሌላ የለኝም፤ ግን እደሩ።"

ተክሌ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደረቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ቆሜያለሁ። ወተቱ ነጠላውንም አልፎ ነበር። እሱም አየው።

"አንቺ ከጫልቱ ጋር እደሪ" አለኝ ቀስ ብሎ። "እኔ ልሻገር። ከሲራራው ኋላ ሮጬ እደርሳለሁ፤ ትርንጎን ይዤ አድራለሁ። ጠዋት ውሃው ሲጎድል ይዣት እመጣለሁ።"

"ሳልህስ?"

"ሳል ውሃ አይፈራም" ብሎ ሳቀ። ጥምጥሙን ፈትቶ ኩታውን በጥምጥሙ ጠቀለለና ራሱ ላይ አሰረው። የጉተማን በትር ተቀብሎ ገባ።

ጥሩ አድርጎ ነበር የሚሻገረው። በትሩን አስቀድሞ ይተክላል፣ እግሩን ያስከትላል። መሀሉን አልፎ ወደ ማዶው ሲቀርብ ዞር ብሎ እጁን አነሣልኝ።

ከዚያ ያን ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ከብት ቁልቁለት የሚሮጥ መሰለኝ። ከብት ደግሞ በአገሩ አልነበረም። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ጉተማ "ደራሽ! ደራሽ!" ብሎ ጮኸ። ውሃው ከላይ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፣ የሰው ቁመት ሆኖ መጣ። ተክሌ አየው። ሁለት እርምጃ ቀርቶት ነበር፤ አንዱን ተራመደ።

ጉተማ እስከ ወገቡ ገባ፤ ጫልቱ ኩታውን ጎትታ አስቀረችው። በሬው ገመዱን አስጥሎ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ የት እንደነበርኩ አላውቅም። ነጩ ጥምጥም ተፈትቶ በጥቁሩ ውሃ ላይ ሲሄድ፣ ሲሄድ አየሁ። ከዚያ እሱም ጠፋ።

በማግሥቱ ጉተማ ከወንዙ ታች አገኘው። ከዋሻው ሚካኤል አጠገብ ቀበርነው፤ ማለዳ ተሳልመን ከወረድንበት በር ቅርብ ነው። ትርንጎን እማሆይ ጥሩ ጣታቸውን በአጃ ውሃ እየነከሩ አሳደሯት። ሳቅፋት ጡቴን ሸሸችው። ወተቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም።

አንባቢዬ፣ ታሪኩ እዚህ ያበቃል ብዬ እኔም አስቤ ነበር።

ሐምሌ ሲጋመስ እንጦጦ ላይ ጥቁር ለብሼ ተቀምጬ ሳለሁ ጫልቱ መጣች። በራፉ ላይ ቆማ እንደ ደንቡ አለቀሰች። እኔ ተነሥቼ አልተቀበልኳትም።

"ምን ቀረሽ?" አልኳት።

"ጉተማ ወድቋል። ግማሹን ማሳ አርሶ ወደቀ፤ ሰውነቱ እሳት ነው። ሚስቱ ከእርፉ ሌላ መያዝ አትችልም። እኔ በበሬው ጎን ገብቼ ሞክሬ ነበር፤ እይው" ብላ ነጠላዋን ገለጠች። የአንገቷ አጥንት ላይ ቁስሉ አፍጥጦ ነበር። "ዝናቡ ሊያመልጥ ነው።"

"እና እኔ ምን ላድርግ?"

ነጠላዋን መልሳ ለበሰች።

"ባሌን በላችሁ!" ብዬ ጮኽኩባት። "አሁን ደግሞ የእኔን ትከሻ ልትበሉ ነው? ያ በሬ ቢሻገር ኖሮ..."

"ቢሻገር ኖሮ" አለች ጫልቱ፣ "ይኸኔ እኛም ሞተን ነበር። እህቴ፣ ላስገድድሽ አልመጣሁም። ማን ያስገድድሻል? የፈረደው ሞቷል። ዋስ አንቺ ስለሆንሽ ልንገርሽ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ስትሄድ ከኋላዋ በሩን ዘጋሁ። ተቀመጥኩ። የተክሌ የብራና መፋቂያ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበር፤ አንድ ቆዳ እንደተወጠረ፣ ሳይፋቅ ደርቋል። ያን ሳየው የፈረደው አልሞተም ብዬ አሰብኩ። ፍርዱ ገና ማሳው ላይ ቆሟል፤ ግማሹ ታርሷል፣ ግማሹ አልታረሰም። እኔ ካልሄድኩ ለምን ሞተ? ትርንጎን አዝዬ፣ በሩን ክፍት ትቼ ጫልቱን መንገድ ላይ ደረስኩባት። ቀበና ስንደርስ ውሃው ጎድሎ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ዳለቻን ሳይ ልተፋበት ነበር። ቀርቤ ሳየው እሱም ከስቷል። ጫልቱ ከቀንበሩ ጫፍ አሮጌ ደበሎ ጠቀለለችልኝ። የሰው ሥራ መጎተቱ አልነበረም፤ እሱን በሬው ይጎትታል። ሰው የሚፈለገው ቀንበሩ እንዳያዘነብል፣ ትልሙ እንዳይጣመም በትከሻው ይዞ እኩል እንዲራመድ ነው። ይህ ሲነገር ቀላል ነው። በሬው ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲገፋ እገፋለሁ። ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነው። ደሜ ደበሎውን ሲያርሰው ጫልቱ ሌላ ጨርቅ ታስገባለች። "የከተማ ሴት" ትለኛለች፤ አሁን ግን አትስቅም። ጉተማ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ራሱን ቀና አድርጎ ያየን ነበር። ዘሩ ተዘርቶ እስኪያልቅ በየቀኑ ገባሁ።

ጉተማ መስከረምን አላየም። ዳለቻም ማሳው ቡቃያ ሲያወጣ በዚያው በሽታ ወደቀ። ገብሱ ግን በቀለ። ስስ ነበር፤ ብዙም አልነበረም። የጉተማ ልጆች ግን በዚያ ከረሙ። በኋላ በጎረቤት መንደር ስሄድ በራቸው ክፍት የሆነ፣ ማንም የማይወጣባቸው ቤቶችን እያየሁ አለፍኩ፤ ጉተማ ቤት ግን ጭስ ይወጣ ነበር።

ወደ እንጦጦ ለመኖር አልተመለስኩም። ከጫልቱ ቤት አጠገብ ጎጆ ቀለሱልኝ። አሁን ከተማው ወርዶ ወደ እኛ ቀርቧል። እንደ እኔና እንደ ተክሌ ነፋስ ፍለጋ የሚወጡ ባልና ሚስት በዚህ መንገድ ሲያልፉ አያለሁ። አንዳንዴ ውሃ ይጠይቁኛል። ከሰዓት ሰማዩ ከጠቆረ ቶሎ ተመለሱ እላቸዋለሁ፤ ሌላ አልነግራቸውም።

ለእናንተ ግን ለምታነቡኝ ልንገራችሁ። ተክሌ በበሬው ጅራት ላይ ተንጠልጥሎ ቢሻገር ምን ነበረበት ብዬ ብዙ ጊዜ ተቆጥቻለሁ። ዛሬም የምቆጣበት ቀን አለ። ያ ደራሽ በሬውንም እሱንም ይወስድ ነበር ይሉኛል፤ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ አላውቅም። የማውቀው፣ ያን ቀን እኔ ቃል የሰጠሁት ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነው፤ እሱ ቃል የሰጠው ግን እንዲጸና ነበር። ያን ልዩነት ያወቅሁት ቀንበር ሥር ገብቼ ነው። እስከዚያ ድረስ ባሌን የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ እየዘነበ ነው። ዝናብ ሲመጣ ትከሻዬ አስቀድሞ ይነግረኛል። ትርንጎ ከጉተማ ልጆች ጋር ማሳው ዳር ናት፤ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። አሁን ብርዑን ላስቀምጥ። ከቅርጫቱ የቀረው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ እሱን ሳልጽፍበት አቆየዋለሁ፤ የእጁ ፍቀት በደንብ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።